ኒኮላይ ጉሚልዮቭ

ኒኮላይ ስቴፓኖቪች ጉሚልዮቭ (1886 – 1921) ሩሲያዊ ገጣሚ፣ ሐያሲ፣ ተርጓሚና ተጓዥ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለሩሲያ ሥነ ግጥም አዲስ መንገድ ከከፈቱት ጸሐፊዎች አንዱ ሲሆን፣ የታላቋ ገጣሚ የአና አኽማቶቫ የመጀመሪያ ባል ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ስሙ በሌላም ምክንያት ይነሣል። ከ1909 እስከ 1913 ባሉት ዓመታት ሦስት ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ድሬዳዋን፣ ሐረርን፣ አዲስ አበባንና የባሌውን ሼክ ሁሴንን አይቷል፤ ስለ አገሪቱም ግጥምና የጉዞ ማስታወሻ ጽፏል።

ጉሚልዮቭ የኖረው 35 ዓመት ብቻ ነው። በዚህ አጭር ዕድሜ ውስጥ ፍቅሩንና ጉዞውን ለያይቶ ማየት ያስቸግራል፤ የወደዳት ሴት ስትገፋው ይሄዳል፣ ስትቀበለውም ይሄዳል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ትምህርት

ጉሚልዮቭ በኤፕሪል 1886 ከሴንት ፒተርስበርግ አጠገብ ባለችው የባሕር ኃይል ከተማ በክሮንሽታት ተወለደ። አባቱ ስቴፓን ያኮቭሌቪች የባሕር ኃይል ሐኪም ነበር። ልጁ ሕመም የማይለየው፣ ዓይኑ ትንሽ ሸወር ያለ፣ አንዳንድ ድምፆችን አጥርቶ መጥራት የማይችል ነበር። መልከ መልካም አለመሆኑንም ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። የሚያውቁት ሰዎች በጻፏቸው ትዝታዎች እንደሚታየው፣ ጉሚልዮቭ ይህን ሁሉ በፈቃድ ኃይል ለማሸነፍ የቆረጠ ሰው ነበር፤ የፈራውን ነገር ሆን ብሎ ያደርገዋል። በግጥሞቹ ውስጥ የሚመላለሱት መርከበኞች፣ አዳኞችና ድል አድራጊዎችም ራሱ መሆን የሚመኛቸው ሰዎች ናቸው።

ቤተሰቡ የልጁንና የወንድሙን ጤና በማሰብ ከ1900 እስከ 1903 በጆርጂያ፣ ያኔ ቲፍሊስ ትባል በነበረችው በዛሬዋ ትብሊሲ ተቀመጠ። ከዚያ የንጉሣዊው ቤተሰብ ቤተ መንግሥት ወዳለባት ወደ ፃርስኮዬ ሴሎ ተመለሱ። የፃርስኮዬ ሴሎ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ገጣሚው ኢኖከንቲ አነንስኪ ነበር። ጉሚልዮቭ በትምህርቱ ደካማ ስለነበረ ትምህርት ቤቱን የጨረሰው በሃያ ዓመቱ በ1906 ነው። የመጀመሪያውን የግጥም መድበሉን ግን ገና ተማሪ ሳለ በ1905 አሳትሟል።

አና ጎሬንኮ

በ1903 የገና ዋዜማ ጉሚልዮቭ በጓደኞች በኩል አና ጎሬንኮ ከምትባል ልጅ ጋር ተዋወቀ። እሱ 17፣ እሷ 14 ዓመታቸው ነበር። አባቷ የቤተሰቡን ስም በግጥም እንዳታሰድብበት ስላስጠነቀቃት ኋላ ከቅድመ አያቶቿ ወገን የመጣ የታታር ስም ወስዳ አኽማቶቫ ተባለች። በዚያን ጊዜ ግን ልቧ ያለው ሌላ ተማሪ ላይ ስለነበር ረጅሙንና ዓይነ አፋሩን ጎረምሳ ብዙም አልተመለከተችውም።

ጉሚልዮቭ ለስድስት ዓመታት ያህል ደጋግሞ የጋብቻ ጥያቄ አቀረበ፤ ደጋግማም እምቢ አለችው። በ1906 ለትምህርት ወደ ፓሪስ ከሄደ በኋላም ደብዳቤ መጻፉን አላቆመም። እዚያ «ሲሪየስ» የተባለች ከሦስት እትም ያላለፈች አነስተኛ መጽሔት አሳተመ፤ የአና የመጀመሪያው የታተመ ግጥም የወጣው በዚህች መጽሔት ላይ ነው። በ1907 መጀመሪያ አና ለዘመዷ በጻፈችው ደብዳቤ ላይ ጉሚልዮቭን እንደምታገባ፣ ዕጣ ፈንታዋ የእሱ ሚስት መሆን እንደሆነ እንደምታምን፣ ትወደው እንደሆነ ግን እንደማታውቅ ገልጻለች። ብዙም ሳይቆይ ሐሳቧን ቀየረች። በዚያው ዓመት ጉሚልዮቭ ፈረንሳይ ውስጥ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ተርፏል። በ1908 ፓሪስ ላይ ያሳተመውን ሁለተኛ መድበሉን «የሮማንቲክ አበቦች»ን መታሰቢያነቱን ለአና ጎሬንኮ አደረገ፤ በዚያው ዓመት መኸር ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የአፍሪካን ምድር ረገጠ። ይህ ጉዞ ከግብፅ አላለፈም።

የ1909 ፍልሚያ

በ1909 ጉሚልዮቭ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ «አፖሎን» የተባለውን የሥነ ጽሑፍና የኪነ ጥበብ መጽሔት ካቋቋሙት ሰዎች መካከል ነበር። አና ከእሱ ርቃ ኪየቭ ስለነበረች ሌላ ፍቅር ያዘው። ኤሊዛቬታ ዲሚትሪዬቫ አንካሳ፣ ደሃ፣ ነገር ግን ተጫዋችና ጎበዝ ገጣሚ የሆነች አስተማሪ ነበረች። በበጋው አብረው ወደ ክሪሚያ ሄደው ገጣሚው ማክሲሚልያን ቮሎሺን ቤት አረፉ። እዚያ ዲሚትሪዬቫ ፊቷን ወደ ቮሎሺን አዞረች፤ የጉሚልዮቭን የጋብቻ ጥያቄም አልተቀበለችም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የሩሲያ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ከሚያስታውሳቸው እንግዳ ቀልዶች አንዱ ነው። ዲሚትሪዬቫ በቮሎሺን እርዳታ «ቼሩቢና ደ ጋብሪያክ» በተባለ የፈጠራ ስም ለ«አፖሎን» ግጥም መላክ ጀመረች። የመጽሔቱ አዘጋጅ ሰርጌይ ማኮቭስኪ ይህችን በዓይኑ አይቷት የማያውቃትን ምስጢራዊት ባላባት አፈቀራት፤ ከተማውም በወሬዋ ተሞላ። በኖቬምበር ምስጢሩ ሲወጣ ጉሚልዮቭ ስለ ዲሚትሪዬቫ ያልተገባ ነገር ተናግሯል የሚል ወሬ ተሰማ፤ ቮሎሺንም በማሪንስኪ ቲያትር ሕንፃ ውስጥ በሚገኝ የሠዓሊ የሥራ ክፍል፣ ሰዎች ባሉበት ጉሚልዮቭን በጥፊ መታው።

በዘመኑ ወግ እንዲህ ያለ ውርደት የሚካሰው በሽጉጥ ፍልሚያ ነበር። ሁለቱ ገጣሚዎች ከከተማው ዳር ቾርናያ ሬችካ በተባለው አካባቢ ተገናኙ፤ በ1837 አሌክሳንደር ፑሽኪን ተፋልሞ የቆሰለበት ያው ስፍራ ነው። የጉሚልዮቭ ጥይት ሳተ፤ የቮሎሺን ሽጉጥ አልተኮሰም። ማንም አልተጎዳም። ጋዜጦች በበረዶው ላይ ወድቆ ስለተገኘ አንድ ካሎሽ (ከጫማ ላይ የሚደረብ የጎማ ጫማ) እያነሡ ለብዙ ጊዜ ሳቁባቸው። ዲሚትሪዬቫ ግን ከዚህ በኋላ ለረጅም ጊዜ ግጥም መጻፍ አቆመች፤ በቀልዱ ብዙ ያጣችው እሷ ናት። ሁለቱ ወንዶች ዳግም የተጨባበጡት ጉሚልዮቭ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1921 ክሪሚያ ውስጥ ነበር።

ከፍልሚያው ጥቂት ቀናት በኋላ ጉሚልዮቭ ለአንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ወደ ኪየቭ ሄደ። እዚያ አናን አገኛት፤ ዳግም ጠየቃት፤ በዚህ ጊዜ እሺ አለችው። ሙሽራው ቃሏን ይዞ ሠርግ ከመደገስ ይልቅ ወደ ኦዴሳ ወርዶ መርከብ ተሳፈረ። በጅቡቲ በኩል ድሬዳዋና ሐረር ገባ።

ጋብቻና መለያየት በአንድ ዓመት

ሠርጉ የተፈጸመው በ1910 ጸደይ ኪየቭ አጠገብ ባለ አነስተኛ የመንደር ቤተ ክርስቲያን ነው። ሙሽሮቹ ፓሪስ ሄደው ከረሙ፤ አና ያኔ ገና ስም ያላወጣውን ጣሊያናዊ ሠዓሊ አሜዴዎ ሞዲልያኒን የተዋወቀችው በዚህ ጊዜ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ብቻዋን ወደ ፓሪስ ስትመለስ ሠዓሊው በእርሳስ ደጋግሞ ሥሏታል።

ጋብቻው ግማሽ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ጉሚልዮቭ እንደገና ወደ ኢትዮጵያ ተነሣ። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ያኔ ድሬዳዋ ላይ የሚያበቃ ስለነበረ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ በበቅሎ የሚኬድ ነበር። በዚህ ጉዞ አዲስ አበባ ደርሷል። ዐፄ ምኒልክ በጠና ታመው አገሪቱ በእንደራሴው በራስ ተሰማ ናደው የምትመራበት ጊዜ ነበር። ጉሚልዮቭ የሕዝብ ዘፈኖችን እየሰበሰበ፣ አደን እያደነ ቆይቶ በ1911 መጋቢት ገደማ ወባ ይዞት ወደ አገሩ ተመለሰ።

እሱ በሌለበት ክረምት አኽማቶቫ ብዙ ግጥሞች ጻፈች። ኋላ እንደምታስታውሰው፣ ባሏ ሲመለስ ጽፋ እንደሆነ ጠየቃት፤ መጻፏን ነግራው አነበበችለት። ጉሚልዮቭ ቀድሞ የሚስቱን ግጥም እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ነበር የሚቆጥረው። አሁን ግን ገጣሚ መሆኗን አምኖ መጽሐፍ እንድታሳትም ነገራት። የመጀመሪያ መድበሏ በ1912 ወጣ። በ1914 የወጣው ሁለተኛው መድበሏ ደግሞ ከባሏ ይበልጥ ታዋቂ አደረጋት። በአንድ ቤት ሁለት ገጣሚ ይኖራል ወይ የሚለው ጥያቄ በእነሱ ቤት የየዕለት ጉዳይ ነበር። ጉሚልዮቭ በሥራዋ ላይ ቅናት ያሳየበት ማስረጃ የለም፤ ሐያሲ እንደመሆኑ የምትጽፈውን ግጥም ዋጋ በትክክል ገምቷል። የባልነቱ ነገር ግን ሌላ ነው።

በ1911 መኸር ጉሚልዮቭ ከሰርጌይ ጎሮዴትስኪ ጋር «የገጣሚዎች ማኅበር»ን አቋቋመ፤ ስሙ የተወሰደው እንደ አናጺና ልብስ ሰፊ ካሉ የጥንት የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ከዚህ ማኅበር «አክሜይዝም» የተባለው የግጥም አስተሳሰብ ወጣ። ከእነሱ በፊት የነበሩት ሲምቦሊስቶች የሚታየውን ዓለም የማይታየው ዓለም ጥላ አድርገው ሲጽፉ፣ አክሜይስቶች ድንጋዩን እንደ ድንጋይ፣ ጽጌረዳውን እንደ ጽጌረዳ፣ በጥርት ቃል መግለጽን መረጡ። አኽማቶቫና ኦሲፕ ማንደልስታም ከዚህ ቡድን የወጡ ናቸው።

የባልና ሚስቱ ብቸኛ ልጅ ሌቭ በ1912 ተወለደ። ያደገው በአያቱ፣ በጉሚልዮቭ እናት እጅ ነው።

የ1913 ተልእኮ

ሦስተኛው ጉዞ ከቀደሙት የተለየ ነበር። ጉሚልዮቭ አሁን የሄደው በሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ ሥር ያለው የሥነ ሰብእ ሙዚየም፣ በተለምዶ ኩንስትካሜራ የሚባለው፣ ልኮት ነው። በመጀመሪያ ያቀረበው ዕቅድ የደናክልን በረሃ ማቋረጥ ሲሆን ሙዚየሙ ወጪው ይበዛል በማለቱ ወደ ሐረርና ወደ ባሌ ተለወጠ። አብሮት የሄደው የእህቱ ልጅ ወጣቱ ኒኮላይ ስቬርችኮቭ ነበር።

ተጓዦቹ በኤፕሪል 1913 ከኦዴሳ ተነሥተው በቁስጥንጥንያና በጂዳ በኩል ጅቡቲ ደረሱ። ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የሚወስደውን ሐዲድ ዝናብ አጥቦት ስለነበር ባቡሩ አይሻ ላይ ቆመ፤ የቀረውን መንገድ የጨረሱት በሐዲዱ ላይ በእጅ በሚገፋ ጋሪ ነው። ጉሚልዮቭ ይህን ሁሉ «የአፍሪካ ማስታወሻ» ብሎ በሰየመው ደብተር ላይ ዕለት በዕለት መዝግቧል። ጽሑፉ ከግጥሞቹ በጣም የተለየ ነው፦ አጭር፣ ደረቅ፣ አንዳንዴም የሚያስቅ፤ ስለ በቅሎ ዋጋና ስለ ቢሮ ደጅ ጥናት የሚተርክ።

ሐረር ላይ ወደ ውስጥ አገር ለመዝለቅ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ፈቃዱ እስኪገኝ ሲጠብቅ የሐረርጌን ገዥ ደጃዝማች ተፈሪ መኮንንን ጎበኘ፤ ፎቶግራፍም አነሣቸው። በማስታወሻው ላይ ወጣቱን ገዥ ከእሳቸው በፊት ከነበሩት ከደጃዝማች ባልቻ ጋር አነጻጽሮ ለዘብተኛና ቆራጥነት የሚጎድላቸው አድርጎ ገልጿቸዋል። ሰው በማወቅ የሚመካው ጉሚልዮቭ በዚህ ግምቱ ብዙ ስቷል፤ እኚሁ ደጃዝማች ከ17 ዓመት በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ከሐረር የተነሣው ቅፍለት ዋቢ ሸበሌን ተሻግሮ በባሌ ወዳለው የሙስሊሞች ቅዱስ ስፍራ ወደ ሼክ ሁሴን ደረሰ። እዚያ ባለ ዋሻ ውስጥ በሁለት ድንጋዮች መካከል ጠባብ ቀዳዳ አለ። በአካባቢው እምነት ኃጢአተኛ በዚያ ሲያልፍ ድንጋዩ ይይዘዋል፤ የተያዘውን ደግሞ ማንም ሊረዳው አይፈቀድም። የእህቱ ልጅ ለቤተሰቡ እንደተረከው፣ ጉሚልዮቭ ካልሞከርኩ ብሎ ልብሱን አውልቆ ገባ፤ ደህና ወጣ። በሃያ ሰባት ዓመቱ የአንድ ልጅ አባት የሆነ ሰው እንዲህ ማድረጉ የጠባዩን ነገር ከብዙ ገለጻ ይበልጥ ያሳያል።

ተጓዦቹ ጊኒር ድረስ ዘልቀው በመከር ወራት ወደ ሩሲያ ተመለሱ። ከመቶ በላይ የዕለት ተዕለት መገልገያ ዕቃዎችንና በርካታ የፎቶግራፍ ነጌቲቮችን ለኩንስትካሜራ አስረከቡ።

ቤቱ ግን እንደተወው አልጠበቀውም። አኽማቶቫ እሱ በሌለበት የጽሕፈት ጠረጴዛውን ስታስተካክል ኦልጋ ቪሶትስካያ የተባለች ተዋናይት የላከችለትን ደብዳቤዎች አግኝታ ነበር። ሲመለስ ሰጠችው። በዚያው መኸር ቪሶትስካያ ኦሬስት የተባለ ወንድ ልጅ ለጉሚልዮቭ ወለደች። ከዚህ በኋላ ጋብቻው በስም ብቻ ቀረ።

ጦርነትና ፍቺ

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲጀመር ጉሚልዮቭ በዓይኑ ምክንያት ከውትድርና ነፃ የተደረገ ሰው ሆኖ ሳለ በፈቃዱ ዘመተ። በፈረሰኛ ጦር ውስጥ ተራ ወታደር ሆኖ ገብቶ በጀግንነቱ ሁለት የቅዱስ ጊዮርጊስ መስቀል ኒሻኖች ተሸለመ፤ ኋላም የመኮንንነት ማዕረግ አገኘ።

በ1916 ሁለት ሴቶችን በአንድ ጊዜ ያፈቅር ነበር። አንደኛዋ አና ኤንገልሃርት የተባለች የዋህና ቆንጆ ልጅ ናት። ሁለተኛዋ ላሪሳ ራይስነር ናት፤ ብሩህ፣ ደፋርና ጸሐፊ። ጉሚልዮቭ ከግንባር «ሌሪ» እያለ ይጽፍላታል፤ እሷም በጥንቱ የፋርስ ገጣሚ ስም «ሐፊዝ» ትለዋለች። ከአብዮቱ በኋላ ራይስነር የቦልሼቪኮች ኮሚሳር ሆና በቮልጋ ወንዝ ጦር መርከቦች ላይ ተዋጋች። እሱ የዘውድ ሥርዓት ደጋፊነቱን አልደበቀም። የፍቅራቸው መጨረሻ ከዚህ ክፍፍል ቀድሞ የመጣ ቢሆንም፣ ዘመኑ ሁለቱን የት እንዳደረሳቸው ማየት ያስደንቃል።

በ1917 ወደ ባልካን ግንባር እንዲሄድ ተልኮ በመንገድ ላይ ፓሪስ ቀረ። እዚያም ሌላ ፍቅር፣ ሌላ እምቢታና ብዙ ግጥም ጠበቀው። በ1918 ጸደይ፣ ብዙዎች ከሩሲያ ለመውጣት በሚሯሯጡበት ጊዜ፣ እሱ በለንደን በኩል ወደ ፔትሮግራድ ተመለሰ። አኽማቶቫ እንደደረሰ ፍቺ ጠየቀችው፤ የጥንት የመካከለኛው ምሥራቅ ቋንቋዎች ሊቅ የሆነውን ቭላዲሚር ሺሌይኮን ልታገባ ነበር። ጉሚልዮቭ አልተከራከረም። በዚያው ዓመት አና ኤንገልሃርትን አገባ፤ በ1919 ኤሌና የተባለች ሴት ልጅ ወለዱ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ፔትሮግራድ የረሃብና የብርድ ከተማ ነበረች። ጉሚልዮቭ ማክሲም ጎርኪ ባቋቋመው «የዓለም ሥነ ጽሑፍ» ማተሚያ ቤት ተርጓሚና አርታዒ ሆነ፤ ግጥም መጻፍ ለሚፈልጉ ሁሉ፣ ለመርከበኞች ጭምር፣ ትምህርት ሰጠ። ግጥም እንደ ማንኛውም ሙያ ሊማሩት ይቻላል ብሎ ያምን ነበር። በ1921 መጀመሪያ በአሌክሳንደር ብሎክ ምትክ የከተማው የገጣሚዎች ኅብረት ሊቀ መንበር ሆኖ ተመረጠ። አብዛኞቹ ሐያስያን ምርጥ ሥራዎቹ የሚሏቸው በእነዚህ ዓመታት የተጻፉት ናቸው። «የእሳት ዓምድ» የተባለውን መድበል መታሰቢያነቱን ለሁለተኛ ሚስቱ፣ ስለ አፍሪካ የጻፋቸውን ግጥሞች የያዘውን «ድንኳን»ን ደግሞ በዚያን ጊዜ በሕይወት ላልነበረው የጉዞ ጓደኛው ለስቬርችኮቭ አድርጓል። በ«ድንኳን» ውስጥ «አቢሲኒያ» የሚል ርእስ ያለው ግጥም ይገኛል።

ኦገስት 3 ቀን 1921 የቦልሼቪኮቹ የደኅንነት ፖሊስ ቼካ ጉሚልዮቭን አሰረው። ክሱ በፕሮፌሰር ቭላዲሚር ታጋንትሴቭ ይመራል ከተባለው ፀረ መንግሥት ሴራ ጋር ንክኪ አለው የሚል ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ብሎክ ሞተ፤ አኽማቶቫ የቀድሞ ባሏን መታሰር የሰማችው በብሎክ ቀብር ላይ ነው። ሴፕቴምበር 1 ቀን ጋዜጣ የተረሸኑ ሰዎችን ዝርዝር አወጣ፤ ስልሳ አንድ ስሞች ነበሩ፤ የጉሚልዮቭ ስም ከእነሱ ጋር ተጽፏል። ራይስነር በዚያን ጊዜ የሶቪየት አምባሳደር ከነበረው ባሏ ጋር አፍጋኒስታን ውስጥ ነበረች። የተቀበረበት ቦታ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም።

ከሞቱ በኋላ

የጉሚልዮቭ መጻሕፍት በሶቪየት ኅብረት ለስልሳ ዓመት ገደማ አልታተሙም። ግጥሞቹ በእጅ እየተገለበጡና በቃል እየተያዙ ቆዩ። ሁለተኛ ሚስቱ አና ኤንገልሃርትና ልጃቸው ኤሌና በ1942 በሌኒንግራድ ከበባ ጊዜ በረሃብ ሞቱ። ሌቭ ጉሚልዮቭ በአባቱና በእናቱ ስም ምክንያት ደጋግሞ ታስሮ ረጅም ዓመታት በካምፕና በእስር ቤት አሳለፈ፤ በ1956 ተፈትቶ የታወቀ የታሪክ ምሁር ሆነ። አኽማቶቫ «ሬኪየም» የተባለውን ዝነኛ ሥራዋን የጻፈችው ለዚህ ልጇ በእስር ቤት በር ላይ ስትሰለፍ ከኖረችው ኑሮ ተነሥታ ነው።

በ1920ዎቹ፣ የጉሚልዮቭን ስም ማንሣት አደገኛ በነበረበት ጊዜ፣ ፓቬል ሉክኒትስኪ የተባለ ወጣት ስለ ገጣሚው ሕይወት ሰነድ መሰብሰብ ጀመረ። ዋነኛ ረዳቱ አኽማቶቫ ነበረች። ቀኖችን አረመችለት፣ ደብዳቤዎችን ፈለገችለት፣ የትኛው ግጥም ለየትኛዋ ሴት እንደተጻፈ ነገረችው። ሳንሱሩ ላላ ሲል የጉሚልዮቭ ግጥሞች ከ1986 ጀምሮ እንደገና መታተም ጀመሩ፤ በ1913 የተጻፈው «የአፍሪካ ማስታወሻ»ም በ1987 ለአንባቢ ቀረበ። በ1991 በጉሚልዮቭ ላይ የቀረበው ክስ ተሰረዘ።